የዓሣ ዘይት

ሽምብጥ ውስጥ፣ ከአባቴ ጋራዥ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
ሁለት ፔጆ አሉ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ባንድ አጥር፤
አምስት መቶ አራት ሁለቱም፣ ባንድ ዓመት የተወለዱ፣
እስከ ኋላ በር አንድ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ተካካዱ።

የቤት መኪናው ነጭ ነው፤ ኮፈኑ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ፣
ለሠርግ ብቻ የሚወጣ፣ ሙሽራ እንጂ ዕቃ የማይዝ።
የኋላ ሣጥኑ ክዳን ወደ ታች ትንሽ ሰበር ይላል፣
ተናግሮ የጨረሰ ሽማግሌ አንገቱን ሲደፋ ይመስላል።
ሸራ ለብሶ ኖረ፤ አቧራም አስፈቅዶ ነው የሚያርፍበት፤
ልጅ ሳለሁ በጣቴ ብነካው፣ ሳምንት ሙሉ ተኮረፍኩበት።

ስቴሽኗ ሰማያዊ ነበረች፤ ዛሬ ቀለሟን እንጃ፣
ግማሿ የሰው መቀመጫ፣ ግማሿ የዓሣ ማረጃ።
ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ከወደቡ ተነሥታ፣
ቀረሶና አምባዛዋን ጭና፣
ፀሐይን ወረታ ላይ ትጠብቃት ነበር፣ ቀድማ ገብታ።
ወንድሟ በሁለት ሞላ ሲንቀባረር፣ እሷ በአራት ሞላ፣
የአትጠገብን ዓሣ፣ ሚዛኗን፣ ራሷን አትጠገብን አዝላ ከኋላ።
ሽታዋን ተዉት። ዝናብ ሲጥል እስከ አስፋልቱ ይሰማል፤
«ሞተሯ ቢጠፋ» ይል ነበር አባቴ፣ «የሰፈሩ ድመት ይገፋታል።»

«የቱ ይሻላል?» ሲሉኝ፣ «ወዴት ልትሄድ ነው?» እል ነበር፤
ቤዛዊት ላይ ለሠርግ ፎቶ ነጩን፣
ለኑሮ ግን እሷን አስነሣ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ናሁሠናይ የሚሉት ሰው ከአዲስ አበባ መጣ፣
አሮጌ መኪና ይሰበስባል፤
ከኪሱ ጨርቅ የለበሰ ማግኔት አወጣ።
«ሰብሳቢ ንጹሕ ይወዳል» አለ። ነጩን ሦስቴ ዞረው እንደ ተሳላሚ፤
ማግኔቱን በሩ ላይ ቢያስጠጋ… ወደቀ።
ዝም አልን፣ እሱም ተናጋሪ፣ እኔም ሰሚ።
ደግሞ ከመርገጫው ሥር። ወደቀ።
ደግሞ ከኋላ ጎማው በላይ። ወደቀ።
ስቱኮ ነበር።
የሐይቁ ጤዛ ከሸራው ሥር ገብቶ፣ ሃያ ክረምት በዝምታ፣
ብረቱን በልቶታል፤ አባቴም ሌሊት ሌሊት
ደፍኖታል፣ ለይሉኝታ።
ለእኔ እንኳ አልነገረኝም።

ከሳቅ ይሁን ከንዴት እንጃ፣ የስቴሽኗን ምንጣፍ ገለጥኩ። ሰውዬው
አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ጎንበስ አለ፣
ማግኔቱ ከጣቱ አምልጦ ወለሏ ላይ ጧ አለ፤ ሊያላቅቀው ታገለ።
የስንት ዘመን የዓሣ ዘይት ብረቷን አጠጥቶ፣ አውዝቶ፣
ዝገት የሚባለውን ጌታ ከደጇ መልሶታል፣ ሸትቶ!

«ሽታው ይለቃል?» አለኝ።
«እሱ ከለቀቀማ» አልኩት፣ «ዝገት ነው የሚገባው።»

«አስብበታለሁ» ብሎ ሄደ፤ እስካሁን እያሰበ ነው።
ሸራውን ለአትጠገብ ሰጠኋት፤ ዛሬ የዓሣ ነጠላ ነው።
ነጩ ዕርቃኑን ቆሟል። ትናንት አንድ የጎረቤት ልጅ
አቧራው ላይ በጣቱ አምባዛ ሣለ፣ ጢሙ እስከ በሩ ረጅም፤
አባቴ ቢኖር ያኮርፍ ነበር።
እኔ ግን አልጠረግኩትም።