አንድ ጎማው የተነፈሰ ቤት

ጀበናዋ የሞተችው ደንገጎ ላይ ነው፤
ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ከመደርደሪያ ወርዳ፣
አንገቷ ለብቻ፣ ሆዷ ለብቻ።
ረምዚ አላቆመም።
«ቁልቁለት ነው፤ ከኋላ ቤት እየጎተትኩ
ለሸክላ ፍሬን አልይዝም» አለ፤
ከንፈሩን ግን ነክሷል።

ድሬ ስንደርስ ሙቀቱ በሩን ከፍቶ ጠበቀን።
መልካ ጀብዱን አልፈን፣ ከአሸዋው ዳር፣
ተጎታች ቤታችንን በድንጋይ አስደገፍናት፤
አንድ ጎማዋ ተንፍሷል፣
ወለሏ ወደ ሐዲዱ ያዘነብላል፣
ብርጭቆ በእጅ ካልተያዘ
ጅቡቲ ካልሄድኩ ይላል።

አራት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ አንዲት ቡታጋዝ፤
የእኔ አልጋ በመጋረጃ።
ቀን ቀን ኢንጂነሯ ይሉኛል፤
ከጉድጓዱ የወጣውን ጭቃ በጣቴ አሽቼ
የትኛው ዘመን ላይ እንደደረስን እነግራቸዋለሁ።
ማታ ግን ሁሉም ቡታጋዟን ያያል፣
ከዚያ እኔን።
«አልችልበትም» አልኩ።
እውነቴን ነው፤ እናቴ ጀጎል ውስጥ ሱቅ ነበራት፣
ያስተማረችኝ ሚዛን ነው።

ረምዚ ተነሣ፣
ግሪስ ያልለቀቀው እጁን በሱሪው ጠርጎ።

ቡናው ከቀፊራ ነው፤ ደቃቅ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ።
የሚቆላው በሰርዲን ቆርቆሮ፣
በፒንሳ ጨብጦ፣ እያወዛወዘ።
በሩ ይከፈታል፣ መስኮቱ ይዘጋል፤
ነፋሱ በሽንሌ በኩል ከመጣ ግን ተቃራኒው።
«ጠቆረ ማለት በሰለ ማለት አይደለም፤
ቀይ ዳማ ሲሆን አውርጂው፣
የቀረውን ቆርቆሮው ራሱ ይጨርሰዋል።»

ሙቀጫ የለንም፤ የተቆረጠ ቧንቧ አለ፣
ዘነዘናው ያረጀ የመሰርሰሪያ ጥርስ፤
ስንት ሜትር ድንጋይ የበላ ጥርስ
ጡረታ ወጥቶ ቡና ይወቅጣል።

ከሁሉም የከፋው ውሃው ነበር።
የድሬ ውሃ! ማንቆርቆሪያውን
ከውስጥ ነጭ ካፖርት የሚያለብሰው።
ስለዚህ ለቡና ብቻ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣
ከአወዳይ የሚወርደው የጫት መኪና
ሞተሩን ሳያጠፋ ሁለት ጀሪካን ያራግፍልናል፤
ፊት በእሱ አይታጠብም፣ ተብሏል።

ሲፈላ አይቸኩልም።
አንዴ ይነሣል፤ ያወርደዋል።
ሁለቴ ይነሣል፤ ያወርደዋል።
ከዚያ አንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ፣
ከዚያ ዝምታ።
«ይስከን» ይላል።
ወለሉ ስላዘነበለ
አተላው ወደ አንድ ጥግ ሄዶ ይተኛል፣
እኛ ሳንቀሰቅሰው በወዲህኛው እንቀዳለን።
«አየሽ፣ የተነፈሰ ጎማም ሙያ አለው።»

ዘበኛው ሮብሌ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ ግባ ቢሉት አይገባም።
ከኪሱ ጨው አውጥቶ፣
በሦስት ጣት ቆንጥሮ ብርጭቆው ውስጥ ይለቃል።
እኔ ስኳር፤ ረምዚ ምንም።
በዚህ ጉዳይ አንነጋገርም። አንዴ ተጣልተንበታል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ መቶ አርባ ሁለት ሜትር ላይ፣
የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ።
ውሃው መጣ፤ መጀመሪያ አመድ፣ ቀጥሎ ሻይ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ።
ሰው ከየት እንደመጣ እንጃ፤
ቢጫ ጀሪካን በቢጫ ጀሪካን ላይ፣ ፍየሎቹም ጭምር።
መለኪያዬን ነከርኩ፣ ቁጥሩን አየሁ፣ ዝም አልኩ።
ይጠጣል፤ ግን ጨው አለበት፤
ከተፈቀደው መስመር ሥር የቆመው ለጥቂት ነው።

ማታ ረምዚ የአወዳዩን ጀሪካን
ከነክዳኑ በእግሩ ወደ ጥግ ገፋው።
ከጉድጓዱ ቀድቶ አፈላ።
አንዴ ተነሣ። ሁለቴ። ሰከነ።
መጀመሪያ ለሮብሌ።
ሽማግሌው እንደ ልማዱ እጁን ኪሱ ከተተ፣
አንዴ ፉት አለ፣
እጁ ባዶውን ወጣ።

እኔ በዚያች ዘንባላ ጠረጴዛ ላይ ቅጹን ሞላሁ፤
ጥልቀት፣ ፍሰት፣ ጨዋማነት።
«ጣዕም» የሚል ሣጥንም አለ፣ ሁልጊዜ የምዘለው።
በግራ እጄ ብርጭቆዬን እንዳይሄድብኝ ይዤ፣
በቀኜ
«ሮብሌን ጠይቁ» ብዬ ጻፍኩበት።