ሦስት ነጥብ ሁለት

በሀረጎ ዳገት ጉም እየዋጣቸው፣
ሌሊቱን ሲናወጥ አድሮ ሆዳቸው፣
ከኮምቦልቻ መጡ፤ ሉባባ ነው ስማቸው።
ትናንት ነው በክንዳቸው የመጀመሪያው መድኃኒት የገባው፣
ያ ቀይ ውኃ መሳዩ፣ ሽንትን የሚያቀላው።
ሐኪሟ «ሳይረፍድ ይታይ» ብላ ጽፋለች፤
እኔም ማሽኑ ጋ ነኝ፤ ደሴ ገና አልነቃች።
ልጃቸው እብሬ ከደጅ ነው፣ ሎሚና ፌስታል ይዞ፣
በግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኑ ደንዝዞ።

«ብረት ነገር ካለ ይውጣ» አልኩ፣ እንደ ወጉ፤
ክታባቸውን ፈቱ፤ መርፌ ቁልፋቸውን ከሻሻቸው ፈለጉ፤
ቀለበቱ ግን እምቢ አለ፤ ጣታቸው አብጧል።
በሳሙና፣ በስንት ልመና ወለቀ። ሠላሳ ዓመት እዚያው ውሏል፤
የነበረበት ቦታ ፈዛዛ ክር መስሏል።

በሆዳቸው ተኙ፤ ጡታቸው በጎድጓዳው፣
ግንባራቸው በክንዳቸው፤
ሱጁድ የመሰለ፣ ግን ቶሎ የማያስነሳው።

ማሽኑ ማንኳኳት ሲጀምር ሰው ይበረግጋል፤
አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ደወሉን ይጫናል።
እሳቸው ግን ሳቁ፤ ሳቁ በማይኩ ወጣ፦
«ልጄ፣ ይሄማ የኛ ሽመና ክፍል ነው፤ ተከትሎኝ መጣ!»
ሃያ ሁለት ዓመት በጨርቃ ጨርቁ ቆመዋል፤
የጆሯቸውን ሲሶ ለመኪናው ገብረዋል።

ሥራዬ ይሄ ነው፦
ከዕጢው መሀል ሳጥን አበጃለሁ፣ ባቄላ የምታህል፣
በማግኔት ነው እንጂ በስለት አይደል።
ከዚያ ውኃውን ዝም አሰኛለሁ፤
ሰው ውኃ ነው፤ ጩኸቱ ቦርከና ሲሞላ ነው።
ስቡንም ዝም አሰኛለሁ፤
እሱ ደግሞ ሰኞ ገበያ ነው፣ ሁሉም ባንዴ የሚያወራው።
ሁለቱ ጸጥ ሲሉ አንድ ቀጭን ድምፅ ይቀራል፤
ኮሊን ይሉታል፤ ዕጢው ሲራባ፣ ግድግዳ ሲያበጅ፣ እሱ ይጮኻል።
በወረቀቱም ላይ፣ ሦስት ነጥብ ሁለት ከሚለው ቁጥር በላይ፣
ጉብ ብሎ ይቆማል፣ እንደ ጦሳ ከሩቅ ሲታይ።

ባለፈው ማክሰኞ ጉብታው ረጅም ነበር።
ዛሬ ዕጢውን ለካሁ፦ አራት ሴንቲ ከሁለት ሚሊ። ያው ነው።
አልተነቃነቀም ድንበር።
ጉብታው ግን...
ዓይኔን አላመንኩም። ተንቀሳቅሰው ይሆን? ውኃው አምልጦኝ ይሆን?
ደግሜ አስተካከልኩ፣ ደግሜ ጠበቅሁ፤ አሥር ደቂቃ፣ እንደ አሥር ቀን።
ዝቅ ብሏል።
በግማሽ አይደለም። ሲሶም አይሞላ።
ግን ዝቅ ብሏል።

የወልድያዋ መምህርት፣ ጦይባ፣ ትዝ አለችኝ፤
የሷ መስመር ንቅንቅ አላለም፤ መድኃኒቷ ተቀየረ።
«እደውላለሁ» ብላ ሄደች፤ እስከ ዛሬ አልደወለችልኝ።
ስለዚህ ደስታዬን በጥርሴ ያዝኩት፤
መናገር የሐኪሟ ነው፤ እኔ ቁጥር ነው የላክሁት።

«ምን አለ?» አሉኝ፣ ቀና ብለው እየተቀመጡ።
«ዶክተር ዘርፌ ትነግርዎታለች» አልኩ፤
ዓይኖቼ ግን ወደ ወረቀቱ አመለጡ።
አዩኝ። ዝም አሉ። ክታባቸውን አሰሩ።
ከዚያ ስለ መኪናቸው ማውራት ጀመሩ፦
«መኪና ሊቆም ሲል ጨርቁ ላይ ምንም የለም፤
ድሩ ድር፣ ማጉ ማግ ነው፤ ተቆጣጣሪውም አያይም።
ድምፁ ግን ይሳሳል። እኔ፣ በዚች በተረፈችኝ ጆሮ፣
‹አሥራ አራት ቁጥር ሊቆም ነው› ስል አለቃው ይስቃል፤
ማታውን ይቆማል፣ ሰዓቱ ተቆጥሮ።»

ምንም አልመለስኩም። ቀለበቱን ሰጠኋቸው።
ሞከሩት፤ አልገባም።
በመሐረባቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ሁለት ጊዜ፣ ጠበቅ አርገው፦
«ይቆይ፤ ጣቴ ሲጎድል ነው» አሉ፣ በሩን ገፋ አርገው።

በመስኮት አየኋቸው፣ እብሬ ክንዳቸውን ይዞ።
ጉሙ እስከ ፒያሳ ወርዷል።
ጦሳ አይታይም፤
የት እንዳለ ግን ሁላችንም እናውቃለን።