የሰው ደጅ

በሊማ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣
አሳንጋሮ መንገድ፣ ሰው ሲወጣ ሲገባ፣
ካንዲት ጃንጥላ ስር፣ ከኦሊቬቲዬ ጋር
ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ ዳር።

የሥራ ማስታወቂያ ደንበኛ ይዞ ሲመጣ፣
የጋዜጣ ቅዳጅ ከጉያው ሲያወጣ፣
የታችኛዋን መስመር አስቀድሜ አያለሁ፤
«መልካም ቁመና ያላት» — ትርጉሟን አውቃለሁ።
ቁመና ማለት እዚህ የአፍንጫ ልክ ነው፣
የአባት ስም ነው፣ የሰፈር ስም ነው፤
የተራራው ነፋስ ምላስሽ ላይ ካለ፣
ቁመናሽ ጎደለ።

ኔሊዳ መጣች፤ የሒሳብ ባለሙያ፣
ዲግሪዋን በላስቲክ ጠቅልላ ከካፊያ፣
አርባ ሦስት ማመልከቻ፣ አርባ ሦስት ዝምታ፤
የአባቷ ስም ዋይታ።
በአያቶቿ ቋንቋ፣ በኬችዋ፣ አበባ ማለት ነው፤
የቢሮው ጆሮ ግን አበባውን ትቶ
ዋይታውን ነው የሚሰማው።

«አድራሻ?» አልኳት። «ኮማስ፣ ከቢጫው ደረጃ ላይ፣
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርከን፣ ከውሃ ታንከሩ በላይ።»
እጄ ቆመ። «ልጄ፣ ደረጃውን አንጽፈውም፤
አጥንት የሚቆጥር ሰው እርከን አይቆጥርም።»
ጻፍኩላት፦ «ሚራፍሎሬስ፣ የሎስ ሴድሮስ መንገድ፣
ቁጥር አራት መቶ ስምንት።» ሰው እንደገና መውለድ
እንዲህ ቀላል ነው። አምስት ሶል አስከፈልኳት።
በሳምንቱ ጠሯት።

ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ኦዲት ያስመሸው ቀን፣
አለቃዋ መጣ ካፖርቱን ደርቦ፣ ቁልፉን እያቃጨለ።
«ልሸኝሽ፤ ሎስ ሴድሮስ አይደል? መንገዴ ነው» አላት።
ወደ ቤቷ ላድርስሽ ላለ ሰው፣ ምን ሰበብ አላት?

ወረደች። ነጭ ግንብ፣ ከባድ የብረት በር።
መኪናው ግን አይሄድም፤ መብራቱ ሲያበራ፣ ሞተሩ ሲያጓራ፣
እስክትገባ ይጠብቃል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ስለሷ ይፈራ።
ሰው የሹም ደጅ ይጠናል፤
እሷ የቤቷን ደጅ ጠናች።
ቦርሳዋን በረበረች የሌላትን ቁልፍ ፍለጋ፤
ማበጠሪያ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ ግማሽ ዳቦ። ወደ በሩ ስትጠጋ
በሩ ራሱ ተከፈተ።

ውሻ ያቀፈች እመቤት፣ ብቅ ብላ ቃኘቻት፤
ከጫማዋ እስከ ጠጉሯ በአንድ ትንፋሽ አነበበቻት።
«ከኤጀንሲው ነሽ? ነገ ነበር የምጠብቅሽ፤
ደግሞ የሠራተኛ መግቢያ በኋላ ነው፣ ደወል አለልሽ።»
የመኪናው መስኮት ዝግ ነው፤ አለቃው እጁን አውለበለበ፣
ደህና ገባች ብሎ አሰበ፣
ሄደ።
እሷም በጎን ዞራ፣ ከቆሻሻው በርሜል አጠገብ ጥቂት ቆመች፤
ከዚያ ሦስት አውቶቡስ፣ ከዚያ እርከኑን ወጣች።

ይህን የነገረችኝ በማግስቱ፣ እዚሁ በርጩማ ላይ ሆና፤
እሷ እየሳቀች፤ የኔ አንገት ግን ቀና
አላለም። ያን ቁጥር ከየት አመጣሁት? እናቴ ናት፣
አሥራ ሁለት ዓመት የሰው አንሶላ ያጠበችበት
ቤት ነው። ቅርጫት ተሸክሜ፣ በጎን ዞሬ፣
ያንን የኋላ ደወል ስንቴ ነካሁ ተንጠራርቼ፣ አፍሬ።
ከሀብታም ሰፈር ሌላ ደጅ አላውቅም ነበር፤
ያበደርኳት መስሎኝ የፊት ለፊቱን በር፣
ያለኝን ነው የሰጠኋት።

«አሁን ሌላ ጻፍልኝ» አለች፣ ሳቋን ገታ፤
«የክፍል ኃላፊነት ወጥቷል። አንድም ሳትረሳ
እርከኖቹን ሁሉ ጨምር።»

ወረቀት አስገባሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብዬ መታሁ፤
ዋይታ ብዬ፣ በትልቁ ፊደል፣ መታሁ።
ከግርጌው የጸሐፊው ስም ይሰፍራል፤ ደንባችን ነው።
ጃንጥላዬ ላይ «ዶን ራሞስ» ይላል፤
ኮንዶሪ ነበር አባቴ የሚባለው።
ጣቴ ከመጀመሪያዋ ፊደል በላይ፣ አየር ላይ ቆመ፤
ኔሊዳ ሳንቲም ትቆጥራለች፤
ካፊያው ከጃንጥላዬ ጫፍ፣ ጠብ ለማለት አዘገመ።