ደም መላሽ

ጥር ነው፣ ዊኒፔግ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ።
አውቶቡስ ስጠብቅ ጣቶቼ ጠፉብኝ።
ውርጩ ግን አይደለም ያንገበገበኝ፤
ውርጭማ ዝምተኛ፣ አደንዝዞ ተወኝ።
ከፎቁ ስገባ፣ ጓንቴን አውልቄ
ከማሞቂያው ብረት እጄን አጣብቄ
ደሜ ወደ ቤቱ መመለስ ሲጀምር፣
ያኔ ነው የጮኽኩት፤ እሳት ከጥፍሬ ሥር።

የምናጠናውም ይኸንኑ ነው።

በሳጥን፣ በበረዶ፣ ከብራንደን ቄራ
የአሳማ ኩላሊት ይመጣል በተራ።
(ነነዌ ጾም ገብቶ፣ እኔ ሆዬ፣ ጾመኛው፣
የማልበላውን ሥጋ እንደ አራስ የማቅፈው፣
ሁለት ጓንት ደርቤ “አይዞህ” የምለው።)

ማሽኑ ላይ ስናኖረው ግራጫ ነው፣ ደንዝዟል፤
ስድስት ሰዓት ያለ ደም ችሎ ቆይቷል።
“መቆየቱን ይችላል” ይላሉ ሃሊና፣
መነጽራቸውን በጋዋን እየጠረጉ፣
“ደሙ ሲመለስ ነው የሚሞተው ገና።”

እሳቸው የነገሩኝ የህዋስ ነገር ነው፤
እኔ የታየኝ ግን የአባቴ አጎት ነው፤
ከገበያ ሲመለስ፣ ጨው እንደ ተሸከመ፣
ደም መላሽ ጠብቆት ከወንዙ ማዶ የቆመ።
ዘጠኝ ዓመት በርዶ የተቀመጠ ቂም
በአንድ ጥይት ሞቀ፤
ሽማግሌ ገብቶ፣ ከመሀል ተቀምጦ፣ ስንት ወር ለምኖ፣
በጭንቅ ደረቀ።

ሽማግሌ እዚህም አለ።
ሮዴል ነው ከወዲያኛው ክፍል የሚያበዛቸው፤
ከእትብት፣ እኛ ከምንቀብረው፣ እዚህ ከሚጣለው፣
ግንደ ህዋስ ለይቶ፣ ቀለብ ቆርጦላቸው፣
ሰኞ መቶ ሺህ፣ ዓርብ ሁለት ሚሊዮን፣
ቀጭ፣ ቀጭ፣ በመቁጠሪያው።
አምና ሻጋታ ገብቶ አርባ ጠርሙስ ደፋን፤
ሮዴል ሦስት ቀን ሙሉ ቃል አልተነፈሰም።

ዛሬ ግን ደርሰዋል። ደሙን ሳንለቀው
ሽማግሎቹን በቀጭኗ ቱቦ አስቀደምን።
ምን እንደሚሉት እንጃ፤ እኔ ግን ይመስለኛል፦
“ግባ፣ ቤትህ ነው። ግን ቀስ። መሣሪያህን ደጅ ጣል።”

ሠላሳ አንደኛው ሙከራ። ሠላሳው
ጠቁሮ፣ አብጦ፣ ተጥሏል።
ለአሥር ሩብ ጉዳይ ከፈትን።
ቅላቱ ከዳር ጀመረ፣ ውርጭ እንደ መታው የሮዴል ጆሮ፤
ከዚያ ከታችኛው ቱቦ ጫፍ አንዲት ጠብታ፣
ቆማ፣ አመንትታ፣
ወረደች።

ሽንት!
ሃሊና አለቀሱ። ለሽንት።
“ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር” ሲባል ልጅ ሳለሁ
ኩላሊትን ለምን እንደ ጨመረ አይገባኝም ነበር።

እስከ አሥራ አንድ ሠራ። ከዚያ ጠርዙ ማበጥ ጀመረ።
መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ “ሠላሳ አንድ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ።”
ሠላሳኛው ዐሥር ደቂቃ ነበር።

ስወጣ፣ ምድር ቤት፣ የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ተከፍቷል።
ሚስስ ስፔንስ እንደ ልማዳቸው ቀድመዋል፤
ከሴልከርክ፣ በሳምንት ሦስቴ፣ ይኸው አምስተኛ ዓመት።
ዶቃ የተሰፋበት ጓንታቸውን አውልቀው
ከማሞቂያው ተጠጉ። ፊታቸው ተጨማደደ።

“ቀስ” አልኳቸው በአማርኛ፣
ሳላስበው።

ገባቸው መሰለኝ፤
እጃቸውን ከብረቱ ትንሽ ፈቀቅ አደረጉ።