የማውረጃ ዋጋ

ከጫማ መሸጫው በላይ፣ ሂርማታ፣ አንደኛ ፎቅ፣
ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደልቅ፣
መብራት ሄዶ እስኪመለስ ደብተር ላይ አንገቴን ደፍቼ፣
ዋጋ እጽፋለሁ በእርሳስ፤ እሰርዛለሁ መልሼ አይቼ።
በግራ በኩል የዕቃው ስም፣ በቀኝ በኩል ብር፤
ትንሹ ፎቶ፣ ትልቁ ፎቶ፣ ሸራው፣ አልበሙ በገጽ ቁጥር።

ፈረንጅ አራዳ ያለው ማተሚያ፣ የአብዱረዛቅ፣
ዋጋው ደህና ነው፤ ጠዋት ሰጥቶ ማታ መጠየቅ።
ግን ቀዩን ያበዛዋል፤ እጮኛይቱን ሁሌ ያፈረች፣
እናቷንም በአዲስ ነጠላ በርበሬ ስትወቅጥ የዋለች
ያስመስላታል።

አዲስ አበባ ያለው ላብ ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ ያወጣል፤
የቆዳን ወዝ ያውቃል። ግን በአውቶቡስ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም እንዲህ ይመጣል፦
በካርቶን፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ከሰው ሻንጣ ሥር ተኝቶ፣
ጊቤ ላይ ወበቅ ጠጥቶ፣
ሰኮሩ ላይ ብርድ ገብቶ፣
ጥጉ እንደ ውሻ ጆሮ ታጥፎ። አጣፊው ማነው? ማንም የለ።
ረዳቱን ብጠይቀው «ሲሰጡኝም እንዲሁ ነበር» አለ።

ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቅ ስለ ወረቀቱ አይጠይቅም፤
ያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ ከዚያ ማነስ አይፈልግም።
«ያው ፎቶ አይደል? በስልኬ ላክልኝ» ይላል ወንዱ፤
እናት ግን ትልቁን ትመርጣለች፣ ይታይ ብላ ለዘመዱ።

ቀብድ ግማሽ፣ ቀሪው ሲረከቡ። ይህንንም ያወቅኩት ዘግይቼ፣
ከኮቺ ለመጡ ጥንዶች ሠላሳ ገጽ አልበም ሠርቼ፤
ሽማግሌ ከሽማግሌ ተጣላ፤ ቀለበቱም ተመለሰ፤
አልበሙ መደርደሪያዬ ላይ ሁለት ክረምት አቧራ ለበሰ።

መስኮቴ ላይ ግን ለናሙና የተሰቀለ አንድ ነበር፣
ሃምሳ በሰባ፣ በዋንዛ ክፈፍ፣ አባ ዲጋ የጠረበው ሲያምር።
ታጁዲንና ኢፍቱ ናቸው። ቦዬ ውሃው ዳር ቆመው ሳሉ፣
አንድ ልጅ «ጉማሬ!» ብሎ ጮኸ፤ ደንግጠው ዘወር አሉ፤
ጉማሬ እንደሌለ ሲያውቁ ሳቁ።
ያኔ ነው ያገኘኋቸው፣ ሁለቱንም በሙሉ።

በዚያ ፎቶ ስንቱን አመጣሁ! ስንት ጥንድ መንገድ ላይ ቆሞ
«እንደነሱ አንሣን» ብሎኛል፣ ዋጋ ሳይከራከር፣ ቀድሞ።

ማክሰኞ መጣች፤ ብቻዋን። ጃንጥላዋ ያንጠባጥባል።
ጣቷን አየሁ፤ የፎቶ አንሺ ዓይን ሳይጠይቁት ይቆጥራል።
«ስንት ነው?» አለች። «የቱ?» አልኳት። «ያ፣ መስኮቱ ላይ ያለው።»
ደብተሬን ገለጥኩ፤ የማተሚያ እንጂ የማውረጃ ዋጋ የለው።

«በነጻ ውሰጂው» አልኳት። «አይሆንም» አለች፤ «ነጻማ
ለቅሶ ያስመስለዋል፤ እኔ የሞተብኝ የለም፣ ስማ።
እንደ ማንም ደንበኛ ቁጠረኝ።»
ቆጠርኩ። ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ የአውቶቡሱን ጭነት፣
የአባ ዲጋን እጅ፣ መስታወቱን፤ ቀነስኩለት የሁለት ዓመት
ፀሐይ የበላውን ቀለም።

ወረቀቱን ሳበችና «ያንተ ትርፍስ?» አለች፤
ሳልመልስላት ቀደመችኝ፣ «የለም፣ የኔን ኮሚሽን ቀንስ!» ብላ ሳቀች፤
«ያን ሁሉ ሰው ማን አመጣልህ?» ያው ሳቅ ነው፣
ጉማሬ እንደሌለ ያወቀች ቀን የሳቀችው።

ከፈለች። ክፈፉን ገልብጣ ምስማሩን በቁልፏ ነቀለች፤
ፎቶውን ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ ትታ፣ ባዶውን እንጨት ወሰደች።
«የፊት መስታወት አስገባበታለሁ፤ ዋንዛው ጥሩ ነው» አለች።

በመስኮቱ አየኋት። ባጃጁ ውስጥ ጭኗ ላይ አቁማው፣
ፊቷ በክፈፉ መሐል፣ የዝናቡ ብርሃን ሲያጥበው።
ካሜራዬ እጄ ላይ ነበር።
አላነሣሁም።

ማታ መብራት መጣ። ጥቅሉን ከኮቺዎቹ አልበም ጎን አኖርኩ፤
ደብተሬን ስቤ ለሸራው፣ ለአልበሙ አዲስ ዋጋ ጻፍኩ።
ከሁሉም ሥር፣ በትንሹ፣ «መስኮት ላይ ለመስቀል…»
ብዬ ጀምሬ፣ ተውኩ።