ሦስተኛው ያነክሳል

ዶሮ ታቅፎባታል፣ ወንበሯ ላይ ጭድ፣
መልካ ጀብዱ ጓሮ፣ ከቁልቋሉ ጥግ፤
ባለ ሁለት በሯ ዳትሰን፣ ያ ረጅም አፍንጫዋ
አቧራ ለብሶ እንኳ ያምረው ነበር መሄድ።

«ለቁራሌው ስጣት» ይሉኛል ከዚራ።
ዓርብ ከሰዓት፣ ሰዉ በርጫ ሲቀመጥ
እኔ ከሥሯ ነኝ፣ ጀርባዬ ካርቶን ላይ፤
ዝገቷ ዓይኔ ውስጥ ይዘንባል፣ አላመልጥ።
ሸሚዜን ሚስቴ ለብቻው ነው የምትነክረው።

ካንዴላ ከታይዋን፣ ካርቡራተር ከጅቡቲ፤
ፑሌጃዋ ግን የትም የለም።
ዑመርዲን ቀረጸልኝ፣ የባቡር ጋራዡ፣
ቶርኖ ላይ ያረጀ፤ ዛሬ ጆሮው አይሰማም።

ትናንት፣ ወበቁ ሲበርድ፣ ሞተሪኖው አስነጠሰ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣
ያዘ!
የደቻቱ አሸዋ የነቃ መሰለኝ፤
የኢፍቱ ልጆች ጮኹ፣ እጄ ፈዘዘ።

ዑመርዲን ግን መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳርፎ፣
ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ቆየና
«ሦስተኛው» አለኝ፣ «ያነክሳል።»

አጠፋኋት።
መፍቻ ፍለጋ ገባሁ፣ ደስ እያለኝ፤
ድና ቢሆን ኖሮ
የሚመጣው ዓርብ ምን ሥራ ነበረኝ?