የምትዞረዋ ቀለበት

ዝናብ ነው ቺሎኤ፣ በጋም እንደ ልማዱ፤
ጀልባዋ አጓራች፣ ሰዎች ተሰናዱ።
ዶሚቲላ ብቻ፣ ከመጠለያው ጥግ፣
ስልኳን በፌስታል ሸፍና ከዶፉ ስትታደግ፣
ሁለት ከረጢት ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ከእግሯ ሥር፣
ትኬት ብላ ነክታ፣
ታያለች ቀለበት ሲሽከረከር።

ነጭ ናት። ትንሽ ናት። ትሑት ናት ስትታይ፤
አንድም ቃል ሳትናገር ታስቆማለች ደጅ ላይ።
«ቀስ በቀስ» ያልነው እንቁላል እግር አውጥቶ ሄደ፣
ጀልባዋም ሄደች፤
ገጹ ግን ከቆመበት አልተራመደ።

ያንን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ናያዴት፤
ፖርቶ ሞንት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ማሞቂያ ካለው ቤት።
እኔ ጋ ፈጣን ነበር፤ ሳልነካው ይከፈታል፤
ኮምፒውተሬ አዲስ ነው፣ መስመሩም ይወፍራል፤
መዝገቡ ውስጥ ያሉት አሥር መንገደኞች፣
ሁሉም የእኔ ፈጠራ፣ ሁሉም ታዛዦች።
አሥር ሰው ማን ያጣል? በጣት ይቆጠራል፤
አርባ ሺህ ሲመጣ የበር ልክ ይታያል።

አለቃዬ «ሰርቨሩን ትልቅ አድርጉት» አለ፤
አደረግነው፤
ሳምንት ሮጠና ሰኞ ላይ ዳግም ዛለ።

ያኔ ነው ዶን ኤሌውቴሪዮን የጠራሁት፣
መስኮቱን ዘግተን በገጽ የተካነውን፣
የጥንቱን ትኬት ሻጭ።
ቂም አልያዘም፤ ወይም ይዞ አልነገረኝም።
መነጽሩን በእጅጌው ጠርጎ፣
«ይሄ ነገር ሲዞር ምን እየሠራ ነው?» አለ።
እኔ እስከዚያች ቀን አልጠየቅሁም ነበር።

አሳየሁት። በአንዲት ጀልባ ሦስት መቶ ስም፣
ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጉዞ ወደ ዳታቤዙ።
«ልጁን ሦስት መቶ ጊዜ መጋዘን ትልኪዋለሽ?
ዘንቢል አስይዘሽ አንዴ ብትልኪው ምን ነበረበት?»

«ስም ሲፈልግስ?»
«ከመጀመሪያው ሰው እስከ መጨረሻው ያነባል» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
«እኔ በደብተሬ ጠርዝ ፊደል ቆርጬ ነበር፤
አውራ ጣቴ ሲነካው ስሙ ራሱ ይወጣል።

ደግሞም ሁሉ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤
‹የሰባቷ ጀልባ ቦታ አላት?›
በጠመኔ ከበሩ ላይ እጽፈዋለሁ፤
አንዴ እመልሳለሁ፣ መቶው አንብቦ ይሄዳል።
ሰው ሲሰርዝ ግን ወጥቼ አጠፋለሁ፤
ሳይጠፋ ያደረ ጠመኔ ውሸታም ያደርጋል።»

ከዚያ ጣቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ፎቶው፦
ጀልባችን፣ ባሕሩ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣
የማስታወቂያ ክፍሉ እንደ አነሣው የላከው፣
የግድግዳ ያህል።
«ዶሚቲላ ጀልባዋን ታያታለች፤ ከፊቷ ቆማለች።
ሥዕሏን ደግሞ በዝናብ ለምን ታሸክሚያታለሽ?»

ቸኩዬ ነበር። አፍስሼ ነበር። ያን ሌሊት ለቀምኩ።
ዘንቢሉን ሰጠሁ፣ ፊደሉን ቆረጥኩ፣
ጠመኔውን ከማጥፊያው ጋር ሰቀልኩ፣
ፎቶዋን አከሳኋት፤ እንዲያውም አማረባት።
ማን ምን እንደነካ የሚቆጥሩ፣
ከሩቅ አገር የሚጠሩ ሰባት ሰላዮች ነበሩ፤
ስድስቱን አሰናበትኩ።
ሰባተኛው እስከ ሐሙስ ስብሰባ ቆይቷል፤ አለቃዬ ይወደዋል።

በማግስቱ ከገበያ ስልክ ገዛሁ፣
ያረጀ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፤
ከእንግዲህ የምሠራውን በእሱ ሳልሞክር አላወጣም፣
ያውም ከወደቡ ጥግ፣ ኔትወርኩ ከሚያነክስበት።
አሥሩን ታዛዦቼን በአርባ ሺህ ግትር ለወጥኩ፤
ለበዓሉ ሰሞን ሳይሆን፣ ከበዓሉ በፊት።

ዶሚቲላ መጣች። ሽንኩርቷን አወረደች።
ነካችው።
ቀለበቷ ግማሽ ዞራ፣ ጠፋች።
ሴትዮዋ ቀና አላለችም፤
ዝናቡን እየረገመች፣ ከረጢቷን እየጎተተች፣
ጀልባዋ ላይ ወጣች።

ማንም አላመሰገነኝም።
ያን ቀን የዘነበው ሁሉ ለእኔ ምስጋና ነበር።